«ደህና ነው» የተባለላቸው ዘጠኝ ሰዎች

1

«ያዟት» አሉ ሽማግሌው።

እኔን ማለታቸው መሆኑን አላወቅኩም። ማን ሊወድቅ ነው ብዬ ዞር ስል የካርድ ክፍሏ ዘነቡ ሁለት እጇን በብብቴ ሥር አስገብታ ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቦርሳዬን እንኳን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ሽማግሌው ከሁለት ሰዎች ጋር የቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል፣ ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ልጄ፣ ትብለጥ ዐርፋለች» አሉ። «ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው።»

2

ትብለጥን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

3

ከመቀጠሌ በፊት ራሴን ላስተዋውቅ፣ አለበለዚያ ግራ ትጋባላችሁ።

ስሜ የሻረግ ነው። የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ለሆስፒታሉ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት ሥራዬ መርፌ መውጋት አይደለም። ሥራዬ ስልክ መደወል ነው።

የምደውልላቸው ሰዎች የምግብ ቧንቧቸው የጠበበባቸው ናቸው። ካንሰር አይደለም፣ ይሄንን ያዙልኝ። አንዱ በረኪና ጠጥቶ ነው፤ ሌላዋ ከጨጓራዋ ወደ ላይ የሚመጣው አሲድ ለዓመታት ሲያቃጥላት ኖሮ ነው። ቁስሉ ይድናል፤ ጠባሳው ግን ይኮማተርና ቧንቧውን እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ያጠበዋል። መጀመሪያ እንጀራ እምቢ ይላል፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻ የራስ ምራቅ። ለእነዚህ ሰዎች ስቴንት ይገባላቸዋል። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ስንዝር የማይሞላ ቱቦ ነው። በሽተኞቹ «ብረቱ» ይሉታል፤ እኔም ከነሱ ተምሬ ብረቱ እላለሁ።

ብረቱ ቧንቧውን ከፍቶ ይይዛል። በሦስት ወሩ ይወጣል።

ይወጣል።

4

የምጠይቅበት ቅጽ ይኸው፦

ጥያቄ 1። በሕይወት አለ/አለች? (እንዲህ ብላችሁ አትጠይቁ። «እንዴት ነው? ደህና ነው?» በሉ።)*

ጥያቄ 2። የመዋጥ ነጥብ። 0፦ ሁሉን ይበላል። 1፦ ጠጣር ምግብ አንዳንዴ ይይዘዋል። 2፦ ገንፎ መሰል ብቻ። 3፦ ፈሳሽ ብቻ። 4፦ ምራቁም አይወርድም።

ጥያቄ 3። ብረቱ ወጥቷል?

ጥያቄ 4። የረጅም ጊዜ ውጤት፦ ____________

* በቅንፍ ያለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። «በሕይወት አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል እንዴ፣ ነውር አይደለም ወይ ብዬ ከዶክተር ዑመር ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራክሬ ነው። ዶክተር ዑመር ብረቱን የሚያስገባውም የሚያወጣውም፣ ጥናቱንም የሚመራው ሰው ነው። በክርክር የሚረታ ሰው አይደለም። ያን ቀን ረታሁት፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

5

የትብለጥ መዝገብ። ቁጥር 11። ብረቱ የገባላት ከአራት ዓመት ተኩል በፊት። ለማስወጣት አልተመለሰችም። በየስድስት ወሩ ደውያለሁ።

አንደኛ ጥሪ። ራሷ አነሳች። እየበላች ነው። ነጥብ 0።

ሁለተኛ ጥሪ። ራሷ አነሳች። ቀጠሮሽ አልፏል አልኳት። ሰው ከዳነ ወዲያ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ብላ ሳቀችብኝ። ነጥብ 0።

ሦስተኛ ጥሪ። ራሷ አነሳች። የባህር ዛፍ ቅጠል የሚያህል ሥጋ ሳታኝክ ዋጥኩ አለችኝ። ተቆጣኋት። ነጥብ 0።

አራተኛ ጥሪ። አባቷ አነሱ። «ደህና ናት።» ነጥብ 0።

አምስተኛ ጥሪ። አባቷ። «ደህና ናት፣ ገበያ ሄዳለች።» ነጥብ 0። በአስተያየት መስጫው ላይ የእኔ የእጅ ጽሑፍ፦ ገበያ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች፣ አቅሟ በጣም ጥሩ ነው።

ስድስተኛ ጥሪ። አባቷ። «ደህና ናት።» ነጥብ 0።

ሰባተኛ ጥሪ። አባቷ። «ደህና ናት፣ ውሃ ወርዳለች።» ነጥብ 0።

ስምንተኛ ጥሪ። አባቷ። «ደህና ናት።» ነጥብ 0።

ዘጠነኛ ጥሪ። አባቷ። «ደህና ናት። ሰላም ትልሻለች።» ነጥብ 0።

6

ግልባጭ። መቅጃ አልነበረኝም፣ ከጭንቅላቴ ነው የምጽፈው። ጋሽ ቢምረው የትብለጥ አባት ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የወንድማቸው ልጅ፣ አንዱ ጎረቤታቸው ነው። እኔን በወንበር አስቀምጠውኛል። ዘነቡ ከኋላዬ ናት።

እኔ፦ ስድስት ጊዜ ደወልኩ እኮ አባቴ። ለምን አልነገሩኝም?

ጋሽ ቢምረው፦ በስልክ?

እኔ፦ አዎ፣ በስልክ።

ጋሽ ቢምረው፦ መርዶ በስልክ ይነገራል ወይ ልጄ? አጠገብሽ ማን እንዳለ አላውቅ። ቆመሽ ይሁን ተቀምጠሽ አላውቅ። ብትወድቂስ ማን ያነሳሻል?

እኔ፦ እኔ ነርስ ነኝ። ለመዝገብ ነው የምጠይቀው።

ጋሽ ቢምረው፦ ለመዝገብ የሚጠይቅ ሰው እንዳንቺ አይጠይቅም። «ትብለጥዬ እንዴት ናት፣ እየበላች ነው ወይ፣ ሳሙልኝ» ትያለሽ። በደወልሽ ቁጥር እናቷ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ይቺ ልጅ ትወዳታለች፣ እንዲህ በዱብ ዕዳ አንነግራትም ተባባልን። አገርሽ ስንመጣ፣ በጠዋት፣ ሰው ይዘን፣ በወጉ እንነግራታለን አልን። ይኸው ዓይኔን ልታከም መጣሁ።

እኔ፦ እንዴት ሞተች?

ጋሽ ቢምረው፦ ቁርሷን እየበላች። ምንም አላለችም። አንዴ ሳለች፣ ከዚያ ደም። ጎረቤት እስኪጠራ እንኳን አልቆየችም።

እኔ፦ እየበላች?

ጋሽ ቢምረው፦ ደህና አድርጋ ትበላ ነበር እኮ። እሱን አልዋሸንሽም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና አድርጋ ትበላ ነበር።

7

ክው አልኩ።

እውነቱን ልናገር? ለትብለጥ አይደለም። ነፍሷን ይማር፣ ለእሷ ያለቀስኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጠዋት ዘነቡ ክንድ ላይ ተደግፌ፣ ሦስቱ ሰዎች «እግዜር ያጽናሽ» እያሉኝ፣ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው።

ምንተስኖት።

8

ምንተስኖት ታናሽ ወንድሜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኤሌትራውቶ ነው፤ የመኪና መብራት፣ ዲናሞ፣ ባትሪ ሲነካካ ይውላል። እናታችን ወረኢሉ ናት። እሱ አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ እኔ ጋ መጣ፤ ያስተማርኩትም የገረፍኩትም እኔ ነኝ።

ጋራዥ ውስጥ የባትሪ አሲድ በምን እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? በውሃ ፕላስቲክ። መለያ የለው፣ ቀለም የለው፣ ከሚጠጣው ውሃ ጎን ነው የሚቀመጠው። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም «የኔን አላጣውም» ይላል። ምንተስኖት አንድ የሚያቃጥል ቀን ከመኪና ሥር ወጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ አንድ ጊዜ ተጎነጨ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ወር አሳጥሬ ልንገራችሁ። ቧንቧው በየሁለት ሳምንቱ በመሣሪያ ይሰፋል፣ በአሥረኛው ቀን ተመልሶ ይዘጋል። ከሰባ ሁለት ኪሎ አርባ ዘጠኝ ገባ። ምራቁን የሚተፋበት የፕላስቲክ ብርጭቆ ይዞ ይዞር ነበር፤ ሰው ፊት ሲሆን ከጃኬቱ ሥር ይደብቀዋል።

ከዚያ ብረቱ ገባለት። በአራተኛው ቀን ሽሮ በላ። በሁለተኛው ሳምንት ጥብስ። እማ ዘንድ ለፋሲካ ስንሄድ እማ በእጇ ጠቅልላ አንድ ጉርሻ አጎረሰችው፤ ውጦ ሲያበቃ አፉን ከፍቶ «ድገሚኝ» አላት። እማ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ በስድስት ሰዓት ተኩል ይደውልላታል። ምሳ ምን እንደበላ ይነግራታል። ሌላ ወሬ የላቸውም። ዛሬ ክክ ወጥ፣ ዛሬ ፓስታ፣ ዛሬ ምስር። እሷ «እሰይ» ትላለች፣ ይዘጋሉ።

9

(ይህንን ቁጥር ለምንተስኖት ትቼዋለሁ። ሁሉን ነገር እኔ እያወራሁለት አይሆንም፤ የራሱን ራሱ ይጻፍበት።)

10

ሦስት ወር ሲሞላ ዶክተር ዑመር ቀጠሮ ጻፈለት። ምንተስኖት አልሄድም አለ። ካወጡት ይዘጋል፣ ያንን ብርጭቆ ድጋሚ አልይዝም አለ። ለምኜው፣ ተቆጥቼው፣ አልሆነም። በመጨረሻ «እስቲ ያ ዝርዝርሽ ምን ይላል?» አለኝ።

ዝርዝሬ የሚለው ይህን ነው፦

ብረቱ በጊዜው የወጣላቸው አርባ ሰዎች። ከነሱ ውስጥ ቧንቧቸው ተመልሶ የጠበበ ሃያ ሦስት።

ብረቱ ሳይወጣላቸው የቀሩ አሥራ ሁለት ሰዎች። ስልካቸው የማይሠራ ሦስት። የቀሩት ዘጠኙ፦

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ደህና።

ዘጠኝ ከዘጠኝ። ከአርባዎቹ ከግማሽ በላይ ሲጠብባቸው፣ ሳያስወጡ የቀሩት ሁሉም ይበላሉ። ዶክተር ዑመር ራሱ ይሄን ሲያይ ደጋግሞ ቆጥሮታል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ተጠንቀቂ ብሎኛል። ግን አንድ ጉባኤ ላይ አቅርቦታል፤ ሰዎች ተነሥተው እንደጠየቁትም ነግሮኛል።

ምንተስኖት አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ዘጠኙን «ደህና» አንድ በአንድ ነካቸው።

«የሹ፣ አንቺ ብትሆኚ ታስወጪዋለሽ?»

«ተወው» አልኩት።

ተወው።

11

ይሄው። አሁን ማወቅ ያለባችሁን ሁሉ አወቃችሁ። ጋሽ ቢምረው በሬ ላይ ሲቆሙ ብረቱ ምንተስኖት ደረት ውስጥ ከገባ አሥራ አንድ ወሩ ነበር።

በቁጥር በቁጥር የምጽፈው ለማማር ብዬ አይደለም። አንድ ላይ ሳደርገው አላነበው ስላለኝ ነው።

12

ሰው በሕይወት መኖሩን በስልክ ለማጣራት የሚከተለውን አድርጉ፦

ሀ) ድምፃችሁን አታለስልሱ። የምትወዱት አይምሰል። የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሁኑ።

ለ) «ደህና ነው» ሲሏችሁ አትጻፉ።

ሐ) «ገበያ ሄዷል» ሲሏችሁ አትደሰቱ።

መ) «ድምፁን አሰሙኝ» በሉ።

ሠ) ከዚያ ቆዩ። አትዝጉ። የሚመጣው ዝምታ መልሳችሁ ነው።

13

ያን ቀን ጋሽ ቢምረውን ወደ ዓይን ክፍል ሸኝቼ ስመለስ በሬን ዘጋሁ። ለቀሩት ለስምንቱ ደወልኩ።

ቁጥር 4። እናቱ አነሱ። ደህና ነው አሉ። ድምፁን ያሰሙኝ እናቴ አልኩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ «አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

ቁጥር 17። ራሱ አነሳ። አጥሚት ብቻ ነው የሚወርድለት። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ሁልጊዜ ደስ ብሎሽ ስለምትደውይ ላሳዝንሽ አልፈለግኩም አለ።

ቁጥር 19። እህቷ አነሳች። ደህና ናት፣ ተኝታለች አለች። ቀስቅሺልኝ አልኳት። ዘጋችው። እንደገና ደወልኩ። አላነሳችም።

ቁጥር 22። ራሷ አነሳች። ሁሉን ትበላለች። ምንም አልሆነችም። ድምፅዋን ስሰማ እየየ ብዬ አለቀስኩ፤ ምን ሆነሽ ነው፣ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ አለችኝ።

ቁጥር 30። ሚስቱ። ደህና ነው፣ መንገድ ነው። የት ሄዶ? ሩቅ።

ቁጥር 33። ባሏ። «ድምፅዋን» ስል ማልቀስ ጀመረ።

ቁጥር 41። ራሱ አነሳ። ብረቱ ተንሸራቶ ሆዱ ውስጥ ገብቶ፣ አገሩ ላይ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል።

ቁጥር 52። አጎቱ። «አጠገብሽ ሰው አለ?»

14

ዘጠኝ ሰዎች።

ሦስት ድምፅ።

ማን በምን እንደሞተ አላውቅም። አንዱን መኪና ገጭቶት ሊሆን ይችላል፣ አንዷን ወባ። ስድስቱንም ብረቱ በላቸው አልልም፣ ብልም ውሸቴን ነው። የማውቀው እኔ በእነሱ ስም «ደህና» ብዬ መጻፌን ነው። ይህንን ወረቀት ወንድሜ በጣቱ ነካክቶታል።

15

ዶክተር ዑመር ሲቆጣ ፊቱ አያስታውቅም፤ መነጽሩን ያወልቃል እንጂ። አወለቀው። ስምንቱን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበ። እንዲሰድበኝ ጠብቄ ነበር። «እኔም አምኜው ነበር» ብቻ አለ። ጉባኤው ላይ ለነበሩት ሁሉ ዛሬውኑ እጽፋለሁ አለ።

ስለ ምንተስኖት ጠየቅኩት። እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። አሥራ አንድ ወር የቆየ ብረት ዝም ብሎ አይወጣም። ፕላስቲኩ ይበሳሳል፣ በላይና በታች ጫፉ ሥጋ ይበቅልበታል፣ ብረቱን ይውጠዋል። ቢጎትቱት ቧንቧው ይቀደዳል። ከቧንቧው ጀርባ ደግሞ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አለ፤ ብረቱ ሲቆይ እሱንም ሊበሳው ይችላል። ትብለጥ ቁርሷ ላይ የሆነችው ያንን ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ መጀመሪያ በውስጡ ሁለተኛ ብረት ይገባል። ሁለተኛው የበቀለውን ሥጋ ጨቁኖ በሁለት ሳምንት ያከስመዋል። ከዚያ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ።

ይሳካል ወይ አልኩት። አብዛኛውን ጊዜ አለ።

ቢተውስ? ብዬ ጠየቅኩት። እንደዚህ ብዬ መጠየቄ ያሳፍራል። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ነገ ቁርሱን ይበላል፣ ከነገ ወዲያም ይበላል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን እኔም አንቺም አናውቅም አለኝ።

16

ጋራዥ ሄድኩ። ምንተስኖት ከጓደኞቹ ጋር ምሳ እየበላ ነበር፣ ጥብስ። ነይ ብይ አለኝ። ለብቻህ ላናግርህ አልኩት። ሳህኑን ይዞ ወደ አንድ ሞተር የወጣለት ሚኒባስ ጥግ መጣ፤ እየበላ ሰማኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋሽ ቢምረውን፣ ዘነቡን፣ ሦስቱን ድምፅ።

ሳቀ መጀመሪያ። ይህን ድምፅሽን ሰምቶ ማን ደፍሮ ይነግርሻል አለኝ። ለኔም ስትደውዪ እኮ ቢያመኝም ደህና ነኝ ነው የምልሽ አለ።

ከዚያ በእጁ የያዘውን ጉርሻ አየው። መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ለእማ እንዳትነግሪ አለኝ። ካወቀች ምግብ አትበላም፤ ከወጣልኝ በኋላ እኔው በስድስት ሰዓት ተኩል እደውልላታለሁ፣ ብረቱም ወጣ ምሳዬንም በላሁ እላታለሁ አለ።

ስለዚህ ጽሑፍ ነገርኩት። ቁጥር 9ን ትቼልሃለሁ አልኩት። ስለ አንቺ ቁጣ ነው የምጽፈው፣ አንድ ገጽ አይበቃኝም አለ።

17

ሁለተኛው ብረት ገባ። ሁለት ሳምንት ደረቱን እያመመው ኖረ። በስድስት ሰዓት ተኩል ግን አንድም ቀን አላሳለፈም። አጥሚት ጠጥቶ «ዛሬ ክክ ወጥ» ይላታል።

እሰማው ነበር። አላረምኩትም።

18

የቀጠሮው ቀን።

ጠዋት 3፡00። ገባ። አርባ ደቂቃ ይፈጃል ተብሏል። ሲገባ ጫማዬን አደራ አለኝ፤ አዲስ ነው።

3፡40። ይህ አርባ ደቂቃ ነው።

4፡15። አንዲት ነርስ ወጥታ እየሮጠች ሄደች። እኔን አላየችኝም። እኔም ነርስ ነኝ፤ እኛ ሰው ፊት አንሮጥም።

4፡20። ሁለት ከረጢት ደም ይዛ ተመለሰች።

4፡25። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ገቡ። ሦስት ናቸው።

5፡00።

6፡00።

6፡30። እማ አሁን ስልኩን እያየች ነው።

7፡10። ዘነቡ መጣች። ማን ጠርቷት እንደሆነ አልነገረችኝም። ሰላም አለችኝ። ከዚያ ዞራ ከኋላዬ ቆመች።

ለምን ከኋላዬ ቆምሽ አልኳት።



19

ዶክተር ዑመር ወጣ። መነጽሩን በእጁ ይዞታል።

ሁለቱም ብረት ወጥቷል አለ። ሲወጣ ቧንቧው ተቀደደ፣ ደም ፈሰሰ፣ ደረቱ ተከፈተ። ደሙ አሁን ቆሟል። በማሽን ነው የሚተነፍሰው፤ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አለ፣ አይናገርም፣ አይሰማም። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ምንም አልልሽም አለኝ። ከዚያ በክርክር የማይረታው ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ልብስ ለብሼ ገብቼ አየሁት። ማሽኑ ደረቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ዝቅ ያደርገዋል። ልቡ ይመታል፤ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አይቻለሁ። እጁን ያዝኩት። የጥፍሩ ሥር የጋራዡ ግሪስ አለ፣ በምንም አይለቅም። እናንተ ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ ከዚያ ክፍል ስወጣ ወንድሜ በሕይወት ነበር።

የመዋጥ ነጥብ፦

የረጅም ጊዜ ውጤት፦

20

8፡05። ኮሪደሩ ላይ ስልኬ ጠራ።

ግልባጭ።

እማ፦ የሻረግ፣ ምንተስኖት ስልኩን ዘግቷል። ዛሬ ምሳ ምን እንደበላ አልነገረኝም።

እኔ፦ ደህና ነው እማ።

እማ፦ የት ሄዶ ነው?

እኔ፦ ሥራ በዝቶበት ነው። ከከተማ ወጣ ብሏል፤ የቆመ መኪና ሊያይ።

(አፌ ነው ያለው። እኔ አላልኩም። ከስድስት ሰዎች አፍ የሰማሁት ነው በእኔ አፍ የወጣው። ድምፄ ለስልሶ፣ አምሮ፣ ልክ ለጋሽ ቢምረው እንደምደውለው ሆኖ ወጣ።)

እማ፦ 

እኔ፦ እማ?

እማ፦ 

እኔ፦ እማ፣ ትሰሚኛለሽ? እውነቴን ነው። በሕይወት አለ።

እማ፦ ተቀምጫለሁ ልጄ። ጎረቤቴን እትዬ ዘሃራንም ጠርቻታለሁ፣ አጠገቤ ናት፣ ይዛኛለች። ድምፁን አሰሚኝ።

9

ምንተስኖት፦